ከበሮና ጸናጽል የተኮራረፉበት ክረምት

ከጉና ተራራ ሥር፣ ከደብረ ታቦር ከተማ ወጣ ብሎ፣ በጥድና በወይራ የተከበበ አንድ ደብር ነበር። ጉና ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር ይበልጣልና ክረምት ሲገባ ደመናው ከራሱ ላይ አይወርድም። ርብና ጉማራ ከእሱ ተነሥተው በየፊናቸው ወደ ፎገራ ሜዳ ይወርዳሉ፤ ኋላም ሁለቱም ጣና ይገባሉ። ደብሩ መሬቱ ጠባብ፣ ገቢው ትንሽ ነበር። ስሙ የሚነሣው በማኅሌቱ ነው።

በዚያ ደብር ዕቃ ቤት ውስጥ ሰው ሲተኛ የሚነቁ ነዋሪዎች ነበሩ። አንደኛው ከበሮ ነው፤ ከግንድ ተፈልፍሎ፣ ሁለቱ አፎቹ በቆዳ ተወጥረው፣ ዙሪያውን በጠፍር የተጠፈረ። ሰፊው አፉ የመለኮት፣ ጠባቡ የትስብእት ምሳሌ መሆኑን፣ ጠፍሩም የጌታን ግርፋት እንደሚያስታውስ ስለሚያውቅ ራሱን ቀና አድርጎ ይቀመጥ ነበር። ሁለተኛዋ ጸናጽል ናት፤ ሁለቱ ጎኖቿ ብሉይና ሐዲስ እየተባሉ የሚተረጎሙላት፣ ድምፅዋ ቀጭን፣ ልቧ ስስ። አባ መቋሚያ ደግሞ አካላቸው ወይራ፣ ራሳቸው ናስ ነበር፤ ስንት መሪጌታ ተደግፏቸው አርጅቷል። የኔታ ድጓ በብራና ተጽፈው ማኅደራቸው ውስጥ ይኖራሉ፤ ካልተጠየቁ አይናገሩም። እማሆይ ጽና፣ እትዬ መጋረጃ፣ ትንሿ ጧፍ፣ ከበሩ ላይ ተሰቅለው በመስኮት የሚያወጉት ጋሽ ደወልም የቤቱ ሰዎች ነበሩ። ከግድግዳው ሥር በአንዲት ጉድጓድ ውስጥ አይጥ ትኖራለች።

የማኅሌት ሥርዓት ለእያንዳንዱ ተራ ሰጥቶታል። ቁም ዜማ ሲባል የሰው ድምፅ ብቻውን ይቆማል። ዝማሜ ሲመጣ አባ መቋሚያ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይላሉ። መረግድ ላይ ከበሮና ጸናጽል ይገባሉ፤ ጽፋት ሲደርስ ምቱ ይፈጥናል፤ በወረብ ቤቱ ሁሉ ይሞቃል። ተራውን የጠበቀ ሁሉ ይሰማል።

ጠቡ የተጀመረው ሐምሌ 5፣ በጴጥሮስና በጳውሎስ በዓል ሌሊት ነው። መረግዱ ላይ ከበሮ ከቦታው ቀድሞ ገባ። ገብቶም አልበቃው፣ እስከ ጽፋቱ እየጎላ ሄደ። ጸናጽል ብትንቀጠቀጥ፣ ብትጮኽ፣ ድምፅዋ ለራሷም አልሰማ አላት። ጎህ ሲቀድ ሁለቱም ዕቃ ቤት ገብተው ጎን ለጎን ተቀመጡ። ያን ጊዜ “ከበሮዬ፣ ዛሬ ምን ሆንክብኝ?” ብላ ብትጠይቀው ኖሮ ይህ ተረት እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። አልጠየቀችውም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሲመሽ አይጥ ከጉድጓዷ ብቅ አለች።

“ምነው የኔ እናት፣ ከፋሽ?”

“ምንም አልሆንኩ። ከበሮ ዛሬ ድምፄን ሸፈነብኝ፤ እሱ ነው ያናደደኝ። ለማንም እንዳትነግሪ።”

“እኔ? ከእኔ ጋር ተቀበረ በይው!” አለችና ወደ ከበሮ ሄደች። “ጸናጽል ምን ብላሃለች መሰለህ? ትልቅ ነኝ ብሎ እኛን ከሰው አይቆጥረንም ብላሃለች።”

ከበሮ ደነገጠ። ከዚያ ተቆጣ። “እሷ መቼ አመስግና ታውቃለች? ሁልጊዜ ቅሬታ ነው” አለ።

አይጥ ተመልሳ ለጸናጽል አደረሰች። “ባዶ ቆርቆሮ ናት፣ ከመንጫጫት በቀር ምን ታውቃለች አለሽ እኮ!”

እንዲህ ሆኖ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ጸናጽል የምታኮርፍበትን ምክንያት ያልሰማ አልነበረም፤ ያልሰማው ከበሮ ብቻ ነው። የከበሮንም ቁጣ ሁሉም ያውቀዋል፤ ጸናጽል ብቻ ከራሱ አፍ አልሰማችውም። ቀጥሎ ነገሩ መልኩን ለወጠ። አንዱ “ከበሮ ቢያጠፋም ቆዳ ነው፤ የቆዳ ወገን አይጣልም” አለ። ሌላው “ብረት ከብረት ጋር ነው” ብሎ መለሰ። ጋሽ ደወል ከብረት ወገን ተቆጠሩ። የኔታ ድጓ ብራና ስለሆኑ ሳይጠየቁ ከቆዳ ተመዘገቡ። “አንተ ከበረት የመጣህ”፣ “አንቺ ከገበያ የተሸመትሽ” መባባል ተጀመረ። በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ምት የተነሣው ቅሬታ የዘር ጉዳይ ሆኖ አረፈው።

ነሐሴ ገባ፤ ፍልሰታ ተያዘ። ከበሮ “ጎላህ ካሉኝ ይኸው!” ብሎ ድምፁን ዋጠ። ጸናጽልም “ካልተፈለግሁ ምን አስቸኮለኝ” ብላ ከምቱ ኋላ ኋላ መጎተት ጀመረች። ከምሥራቅ በኩል ግድግዳውን ተደግፈው የሚያስቀድሱ ዓይነ ሥውር አዛውንት ነበሩ፤ ማኅሌቱን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። አንድ ቀን ሲወጡ ለልጃቸው “ዘንድሮ ሁሉም አለ፤ አብሮ ግን የለም” አሉት።

አይጥ ይህን ጊዜ ሥራ አልፈታችም። ከበሮና ጸናጽል ጀርባ ለጀርባ ሆነው ስለሚያድሩ አንዱ የሌላውን አያይም። እሷ በመካከላቸው ገብታ የከበሮን ጠፍር ከታች በኩል ትቆረጥም ጀመር። በደጉ ዘመን ጸናጽል ገና ኮሽ ሲል ትንቀጠቀጥና ቤቱን ትቀሰቅስ ነበር። አሁን ኮሽታውን ሰማች፤ “የራሱ ጉዳይ” ብላ ተኛች።

በመጨረሻ የቤቱ ሰዎች “ይህ ነገር አንድ ይባል” ተባባሉ።

መጀመሪያ እትዬ መጋረጃ ተነሡ። “ልጆቼ፣ የቤት ገመና አይገለጥም። ምእመኑ ቢሰማ ምን ይለናል? እኔ በመካከላችሁ ልዘርጋ፤ እናንተም አትተያዩ፤ ጊዜ ሲያልፍ ይረሳል” ብለው ተዘረጉ። በእርግጥም ቤቱ ጸጥ አለ። ከመጋረጃው ጀርባ ግን የአይጥ ጥርስ ሥራውን ቀጠለ።

እማሆይ ጽና ተከተሉ። “ይህ ሁሉ የጠላት ፈተና ነው። መነጋገር ነገር ያበዛል። ዕጣን እናጢስ፣ እንጸልይ፣ እሱ ያውቃል።” ዕጣኑ ጤሰ፤ መዓዛው ቤቱን ሞላው። ጢሱ ሲበተን ከበሮና ጸናጽል በነበሩበት እንደተኮራረፉ ነበሩ።

ጋሽ ደወል አልታገሡም። “መሸፋፈን ነው ቤታችንን የገደለው! አገር ይስማ፤ ጥፋተኛው ይፈር!” ብለው እኩለ ሌሊት ላይ ደወሉ። መንደሩ ሰው የሞተ መስሎት እየሮጠ መጣ። ነገሩን ግማሽ በግማሽ ሰማ፤ ግማሹን ይዞ ተመለሰ። በማግስቱ በየጠላ ቤቱ የከበሮና የጸናጽል ደጋፊ ተፈጠረ፤ ከዚያ በፊት አንዳቸውንም ለይቶ የማያውቅ ሰው ሳይቀር።

ያን ጊዜ አባ መቋሚያ ተናገሩ።

“እትዬ መጋረጃ፣ ገመና መሸፈን ደግ ነው፤ ቁስል ግን ሳይታጠብ ከተሸፈነ ይመግላል። ጋሽ ደወል፣ እውነት ወዳድነትዎን አውቃለሁ፤ ግን የመጨረሻውን ደረጃ የመጀመሪያ አደረጉት። እማሆይ፣ ጸሎት ወደ ወንድማችን ለመሄድ ጉልበት የምናገኝበት ነው፤ በመሄዱ ፋንታ አይቆምም። መባ ይዞ የመጣ ሰው ወንድሙ እንደተቀየመበት ቢያስታውስ፣ መባውን እዚያው አስቀምጦ አስቀድሞ እንዲሄድና እንዲታረቅ ያዘዘው ጌታ ራሱ ነው።”

ዝም ተባለ።

“ማቴዎስ በ18ኛው ምዕራፍ መንገዱን በደረጃ አስቀምጦልናል። ወንድምህ ሲበድልህ መጀመሪያ ሂድ፤ አንተና እሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ተነጋገሩ። አልሰማ ካለ አንድ ወይም ሁለት ይዘህ ተመለስ። ያኔም እንቢ ካለ ለቤተ ክርስቲያን ንገር። እኛ ደረጃውን ገለበጥነው። ከአይጥ ጀመርን፣ በደወል ቀጠልን፤ የሚመለከታቸው ሁለቱ ግን እስከ ዛሬ አልተነጋገሩም።”

ከበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። “አባ፣ ምን መነጋገር ያስፈልጋል? እሷ በራሷ እኔ በራሴ ማኅሌት ብንቆምስ? መለያየትም እኮ አንድ መፍትሔ ነው።”

“መለያየትም ዓይነት አለው፤ ሁለቱን ላጫውትህ” አሉ አባ መቋሚያ። “አለቃ ገብረ ሐና የዚሁ የፎገራ የናበጋ ሰው ነበሩ። ዛሬ ሕዝቡ በቀልዳቸው ያስታውሳቸዋል እንጂ ትልቅ የማኅሌት ሊቅ ነበሩ። የጣና ማዕበል ወደ ዳር ሲመጣና ሲመለስ፣ ደንገሉ በነፋስ ሲወዛወዝ አይተው አዲስ የአቋቋም ስልት አወጡ ይባላል። የጎንደር ሊቃውንት አባቶች ያቆዩትን ጠብቀው አልቀበልም አሉ። ልጃቸው ተክሌ ስልቱን ከአባቱ ተምሮ ደብረ ታቦር ላይ አስተማረው፤ ስሙም የተክሌ አቋቋም ተባለ። ልብ በል ልጄ። ጎንደሮች የያዙትን አልጣሉም፣ ተክሌም ከቤተ ክርስቲያን አልወጣም። የተለያዩት በመቋሚያ አያያዝና በእግር አጣጣል ነው፤ በአንድ ቅዳሴ ይገናኛሉ። ዛሬ የጎንደሩም የተክሌውም ይቆማል፤ ሁለቱንም ያወቀ መሪጌታ ይከበራል። በስልት ብቻ የተለያየ ሰው እንዲህ ተከባብሮ በየመንገዱ ቢሄድ አይፈረድበትም። ጳውሎስና በርናባስም በማርቆስ ምክንያት ተለያይተው ሁለቱም ወንጌል ሰብከዋል።”

“እንግዲያውስ እኛም…” አለ ከበሮ።

“ሁለተኛውን ስማ። ከእኔ ጋር ከአንድ ወይራ የተጠረበ ወንድም አለኝ፤ ከባለቤቱ ጋር ወደ አሜሪካ ተሰደደ። እዚያ የገጠመውን መለያየት ከሥሩ ስማ። አቡነ መርቆሬዎስ በጎንደር ሊቀ ጳጳስ የነበሩ አባት ናቸው፤ በ1980 ዓ.ም. ፓትርያርክ ሆኑ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ከመንበራቸው ተነሡ፤ ኋላም ተሰደዱ። አንዱ ወገን በፈቃዳቸው ለቀቁ አለ፤ ሌላው ተገፍተው ነው አለ። አንድ የነበረው ሲኖዶስ የአገር ቤትና የስደት ተብሎ ሁለት ሆነ፤ ተወጋገዙ። በውጭ አገር ያለው ምእመን ደግሞ ሦስት ቦታ ተከፈለ፤ አንዱ ከአዲስ አበባ፣ አንዱ ከስደተኛው፣ ሦስተኛው ‘ገለልተኛ’ በሚባል አጥቢያ። ወንድሜ የላከብኝ መልእክት አንድ ነው። ‘እዚህ ያገሬ ልጆች በአንድ ከተማ ይኖራሉ፤ ያው ቅዳሴ፣ ያው ድጓ ነው፤ የአንዱን አባት ስም ሌላው በጸሎቱ ስለማይጠራ ግን አንዱ ካንዱ ደጅ አይደርስም’ አለኝ። ይህ መለያየት 27 ዓመት ፈጀ።”

ጸናጽል ሳትፈልግ ተንቀጠቀጠች። “ኋላስ?”

“ኋላማ ሽማግሌዎች ተመላለሱ። ብዙ ጊዜ ሞክረው ከሽፎባቸዋል፤ አልተዉም። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ ውግዘቱ ተነሣ፤ ሐምሌ 25 ቀን አቡነ መርቆሬዎስ አገራቸው ገቡ። ዕርቁ አንዱን አባት አንሥቶ ሌላውን አልጣለም። የአገር ቤቱ ፓትርያርክ አቡነ ማትያስ አስተዳደሩን፣ አቡነ መርቆሬዎስ ጸሎቱንና ቡራኬውን እንዲይዙ፣ የሁለቱም ስም በጸሎት እንዲጠራ ሥርዓት ተበጀ። አቡነ መርቆሬዎስ በየካቲት 2014 ዓ.ም. ሲያርፉ ያረፉት በአንድ ሲኖዶስ ውስጥ ነው። እኔ ግን ስለ 27ቱ ዓመት አለቅሳለሁ። ያን ያህል ዘመን ልጁን በሌላ ደጅ ያስጠመቀ፣ ወንድሙን በሌላ ደጅ የቀበረ ስንት ነው? አንተና እሷ የትኛውን መለያየት ነው የምትፈልጉት? ስልት ነው ያጣላችሁ፣ ወይስ ቁስል? ሳትነጋገሩ ይህን እንዴት ታውቃላችሁ?”

መልስ የሚሰጥ ጠፋ። ትንሿ ጧፍ ከጥግ ሆና ድምፅዋን አሰማች።

“አባ፣ እኔስ? እኔን የሚያጠፋኝ ነፋስ ነው። ልናገረው ብቻዬን ብሄድ እፍ ብሎ ይገላግለኛል።”

አባ መቋሚያ ጎንበስ አሉላት። “አይ ልጄ፣ አንቺ ብቻሽን አትሄጂም። ብቻ ለብቻ መነጋገር ለአቻዎች ነው፤ ሁለቱም ተናግረው ተደማምጠው በሰላም ለሚመለሱ። ኃይለኛው ደካማውን በሚያጠፋበት ቦታ ከሁለተኛው ደረጃ ይጀመራል። እኔን ይዘሽ ትሄጃለሽ። ትዕዛዙ የተሰጠው ደካማውን ለመጠበቅ ነው፤ ለኃይለኛው ዋሻ እንዲሆን አልተሰጠም።”

በዚያች ሌሊት እትዬ መጋረጃ ተሰበሰቡ፤ ከበሮና ጸናጽል ከብዙ ሳምንታት በኋላ ፊት ለፊት ተያዩ።

የመጀመሪያው ንግግር አልሰመረም። ከበሮ “ከሰው አይቆጥረንም ብለሽ አምተሽኛል” ብሎ ጀመረ። ጸናጽል “ባዶ ቆርቆሮ ያልከኝ አንተ አይደለህም?” ብላ መለሰች። እሱ ማለ፤ እሷም ማለች። ከበፊቱ ብሰው ተለያዩ።

በማግስቱ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ደረሱ። አባ መቋሚያና የኔታ ድጓ መካከል ተቀመጡ። ሁለቱም በሐምሌ 5 ማኅሌት ላይ የነበሩ፣ የተደረገውን በዓይናቸው ያዩ ምስክሮች ናቸው። የኔታ ድጓ ማኅደራቸውን ከፈት አድርገው አንዲት ሥርዓት አኖሩ። “እያንዳንዳችሁ ሁለት ነገር ለይታችሁ ትነግሩናላችሁ። በገዛ ጆሯችሁ የሰማችሁትን አንድ ወገን፤ ሌላ ሰው ነግሯችሁ የያዛችሁትን ሌላ ወገን።”

ጸናጽል አሰበች። “በጆሮዬ የሰማሁት… መረግዱ ላይ ቀድሞ እንደገባና ድምፄን እንደሸፈነው ነው። ሌላውን አይጥ ናት የነገረችኝ።”

ከበሮም አሰበ። “እኔ ከእሷ አፍ ምንም አልሰማሁም። ሁሉንም አይጥ ናት ያለችኝ።”

ለብዙ ሳምንታት የቆየው የስድብ ክምር ባለቤት አጥቶ መሬት ላይ ቀረ። ከእሱ ሥር አንዲት ትንሽ እውነተኛ ቅሬታ ተገኘች። የኔታ ድጓ “በሉ ስለ እሷ ብቻ ተነጋገሩ” አሉ።

ከበሮ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ ተናገረ። “ከሰኔ ጀምሮ እርጥበቱ ቆዳዬን አላልቶታል። መቺው እጁን ሲያሳርፍብኝ ድምፄ ጥርት ብሎ አይወጣም፤ እሱም የጎደለ እየመሰለው ጨምሮ ይመታኛል። የራሴን ድምፅ ስለማልለየው መግቢያዬ ይምታታብኛል። ትልቁ ከበሮ ላላ እንዳይሉኝ አፍሬ ለማንም አልተናገርኩም።” ትንሽ ቆየና ቀጠለ። “ግን ሁሉንም በእርጥበት አላመካኝም። ጽፋቱ ላይ ድምፅሽ እንደጠፋ አውቄያለሁ። ሕዝቡ እልል ሲል ደስ አለኝና ቀጠልኩ። በእሱ በድዬሻለሁ። ይቅር በይኝ።”

ጸናጽል ይህን አልጠበቀችም። “እኔም አንድ ሽቦዬ ወልቋል” አለች ቀስ ብላ። “ድምፄ ግማሽ የሆነው ካንተ በፊት ነው፤ ጥፋቱን ሁሉ ላንተ ሰጠሁ። ከዚያ የባሰው ደግሞ ስምህን መጀመሪያ ያነሣሁት ለማይገባው ጆሮ ነው። ጠፍርህ ሲቆረጠም ኮሽታውን ሰምቼ ዝም ያልኩበት ሌሊትም አለ። ይቅር በለኝ።”

ከበሮ በድንጋጤ ጎንበስ ብሎ ሥሩን አየ። ከጠፍሮቹ ሁለቱ የክር ያህል ብቻ ቀርተዋል።

ያኔ ጉዳዩ የሁለቱ ብቻ መሆኑ ቀረ፤ የቤቱ ሆነ። ሦስተኛው ደረጃ ተጠራ፤ ሁሉም ተሰበሰቡ። “የቆዳ ወገን”፣ “የብረት ወገን” ያለ ሁሉ ያለውን በተሰበሰበው ፊት ቆሞ አነሣ። ጋሽ ደወል መንደሩን በግማሽ ወሬ ስላሰናበቱት፣ ዕርቁንም ያንኑ ያህል እንዲያሰሙ ተወሰነባቸው።

አይጥ ነገሩ ሲከፋባት ራሷን ዝቅ አድርጋ ቀረበች። “እኔም የዚህ ቤት ልጅ ነኝ። ክርስቲያን ይቅር ይላል። ይቅር በሉኝና እዚያው ጠፍሩ ሥር ልደር።”

እማሆይ ጽና ሆዳቸው ራራ። “እውነቷን ነው እኮ፣ ይቅር ማለት አለብን…”

“ይቅርታውን አንነፍጋትም” አሉ አባ መቋሚያ። “በቀል አንይዝባትም፣ ክፉም አንመኝላትም። ጉድጓዷ ግን ዛሬ ይደፈናል። ይቅርታ ተሰጥቷታል፤ የጠፍሩ ጠባቂነት አይሰጣትም። የሚቆረጥመውን ከሚቆረጠመው ጋር በአንድ ሣጥን አሳድሮ ዕርቅ ወረደ ማለት ዕርቅን ማርከስ ነው። የተጎዳውን ‘ለሰላም ስትል ቻል’ ማለት ቀላል ነው፤ ቻዩ እሱ እንጂ እኛ አይደለንምና።”

ሲነጋ የቆሎ ተማሪው ዕቃ ቤቱን ከፍቶ ደነገጠ። የተበላውን ጠፍር አይቶ አዲስ ጠፍር አመጣ፤ ከበሮውንም ከእሳቱ አጠገብ፣ ሙቀቱ እንጂ ነበልባሉ በማይደርስበት ቦታ አኖረው። ቆዳው ቀስ እያለ ተወጠረ፤ ተማሪው በጣቱ ጫፍ መታ ቢያደርገው ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠው። የጸናጽልን ሽቦ መልሶ ሰካ። ጉድጓዱን በጭቃና በድንጋይ ደፈነ።

አንድ ነገር ግን አልተፈታም ነበር። ከበሮ ፈጣን ምት ይወዳል፤ ጸናጽል የተረጋጋ። ይህ ጥፋት ስላልሆነ ይቅርታ አይጠየቅበትም፤ ተፈጥሯቸው ነው። ስለዚህ ወደ የኔታ ድጓ ሄዱ።

የኔታ ፈገግ አሉ። “ልጆቼ፣ አባቶቻችን ይህን ያላሰቡት ይመስላችኋል? በዝግታ የሚጀመረው፣ በፍጥነት የሚፈጸመው ለምን ሆነና ነው? ቁም ዜማ አለ፣ ዝማሜ አለ፣ መረግድ አለ፣ ጽፋት አለ። ዝግታን የሚወድም ፍጥነትን የሚወድም በዚያ ሥርዓት ውስጥ ተራ አለው። አንዳችሁ የሌላችሁን ተራ እንዳትነጥቁ እንጂ አንዳችሁ እንደሌላችሁ እንድትሆኑ አልታዘዛችሁም።”

ነሐሴ 13፣ የደብረ ታቦር በዓል፣ ሌሊቱን ማኅሌት ተቆመ። በዋዜማው ችቦ ተለኩሷል፤ ልጆች በየደጁ እየጨፈሩ ሙልሙል ተቀብለዋል። መረግዱ ሲደርስ ከበሮ ከመግባቱ በፊት ጸናጽልን አያት፤ እሷም “አሁን” አለችው። አብረው ገቡ። ዓይነ ሥውሩ አዛውንት ግድግዳቸውን ለቀው ወደ መሐል ተጠጉ።

በተከተለው ዓመት ከበሮና ጸናጽል እንደገና ተጋጩ። ማንም ሊደነቅ አይገባም፤ አብሮ የሚያገለግል ይነካካል። የሐዋርያት ሥራ ስድስተኛው ምዕራፍ ላይ እንኳ፣ ቤተ ክርስቲያን ገና ሕፃን ሳለች፣ የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ መበለቶች በዕለት ምግብ ተረሱ ተብሎ ማጉረምረም ተነሥቷል። ሐዋርያት ቅሬታውን አላፈኑትም፣ ያጉረመረሙትንም አልቀጡም፤ ሕዝቡን ጠርተው ሰባት ዲያቆናት አስመረጡ። ከአንድ ቅሬታ አንድ መዓርግ ተገኘ። የጉናው ደብርም ሁለተኛውን ጠብ ያሳለፈው በዚያው መንገድ ነው። ጸናጽል ያን ሌሊት፣ ገና ማኅሌቱ እንዳበቃ፣ “ከበሮዬ፣ ቅር ብሎኛል፤ ልንገርህ?” አለችው። እሱም “ንገሪኝ” አለ። ከጸሎተ ቅዳሴው በፊት አለቀ።

የጽዋ ማኅበር የምትጠጡ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት የምታገለግሉ፣ በሰበካ ጉባኤ የምትቀመጡ፣ በኅብረት የምትዘምሩ ሁሉ፣ ይህ ተረት የተነገረው ለእናንተ ነው። ማኅበራችሁ ጤነኛ መሆኑን ለማወቅ ጠብ መኖር አለመኖሩን አትጠይቁ። ቅሬታ ሲነሣ መጀመሪያ ወደ ማን ጆሮ እንደሚሄድ ጠይቁ። ወደ ባለቤቱ የሚሄድ ከሆነ ማኅበሩ ይኖራል። ወደ ሦስተኛ ሰው የሚሄድ ከሆነ፣ ዝማሬው ያማረ፣ ጾሙ የበረታ ቢሆንም ከሥር ጠፍሩ እየተቆረጠመ ነው። ስለዚህ ወንድማችሁ ላይ ቅር ካላችሁ ዛሬ ሂዱለት። ቅሬታውን ይዞ ወደ እናንተ የመጣም ሰው ቢኖር አትቆጡት፤ ስማችሁን ለሌላ ከመስጠቱ በፊት ለእናንተ ይዞት መጥቷልና ወዳጅ ነው።